የሰሊጥ ነዶና ሃያ አራቱ ጠረጴዛዎች

የዚያን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ ልጄ፤ የጠረጴዛ መሳቢያ ሊያስተካክል የመጣው አናጢ፤ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ፤ ሙዲራዋ፣ ማለት የቢሮው ኃላፊ፤ እና ሰሊጡ ከመጋዘኑ ሲወጣ አብሬ አልወጣም ያለች አንዲት ግራጫ ድመት። ሌላ ነፍስ ያለው አልነበረም። ሃያ አራት ጠረጴዛዎችም ነበሩ። እነሱን ከሰው ባልቆጥራቸውም ያን ቀን ከሰው ይልቅ ያስጨነቁን እነሱ ናቸው።

ቤቱ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ ረጅም፣ ጣሪያው የራቀ፣ መስኮቱ ከላይ የሆነ። ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ወደኛ ከተማ ጎረፈ፤ መጋዘኑንም አንድ የእርዳታ ድርጅት ተከራየው። ግድግዳው ተቀባ፤ ወለሉ ሴራሚክ ተነጠፈበት። ክፍል ግን አልተከፈለም። ሠራተኛው በሙሉ በአንድ አዳራሽ፣ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ተያይዞ እንዲቀመጥ ነው የተፈለገው። እኔ በጽዳት ተቀጠርሁ። በመጀመሪያው ቀን ወለሉን ስወለውል ከየማዕዘኑ ሰሊጥ ለቀምሁ። ከዚያ በኋላም ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ አንድ ሁለት ፍሬ አጥቼ አላውቅም።

ልጄ የመብራት ሠራተኛ ናት፤ መብራቱን እዚህ ከህረባ ይሉታል። እዚህ ተወለደች፣ እዚህ በዐረብኛ ተማረች፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስትመረቅ ወረቀቱን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ዐረብኛውን ማንበብ ባልችል ማኅተሙን ስመለከት ዋልሁ። ደስታው ሳይበርድልኝ ግን ፍርሃቱ ገባ። መብራት ይገድላል። ሰፈራችን በዝናብ ቀን የተላጠ ገመድ የነካ በግ ቆሞ ሲደርቅ አይቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ የልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ በእጄ ጀርባ ሳልሞክር አልይዝም።

ልጄ እስከዚያ ድረስ አምፖል ከመቀየርና የጎረቤት ሶኬት ከመጠገን ያለፈ ሥራ አላገኘችም ነበር። በሄደችበት ሁሉ ወረቀቷን ያዩና፣ "ጥሩ ነው፤ ወንድም የለሽም?" ይሏታል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙዲራዋ በስልክ ስለ ገመድ ሠራተኛ ስትጨቃጨቅ ሰምቼ፣ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ጠጋ ብዬ፣ "እኔ ልጅ አለችኝ" አልኋት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥሁ።

ሙዲራዋ ከካርቱም የመጣች፣ ቶቧን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ፣ በአንድ እጇ ሰብስባ እንደ ነፋስ የምትሄድ ሴት ናት። ቆም አለች።

"ሴት ልጅ?"

"ሴት ልጅ።"

"መሰላል ትወጣለች?"

"አትውጪ ብላት እንኳ ትወጣለች።"

ሳቀችና አስጠራቻት። ከልጄ ጋር የተነጋገሩት እኔ ባለሁበት ነው። እዚህ አገር የሥራ ሳምንት እሑድ ይጀምራል። እሑድ ጠዋት ሃያ አራት ሠራተኛ ገብቶ ሃያ አራቱም ጠረጴዛ ላይ መብራትም ኔትወርክም ካገኘ፣ የቢሮው ጥገና የልጄ ይሆናል፤ በቋሚነት። አንድ ጠረጴዛ እንኳ እምቢ ካለ ሙዲራዋ ከከሰላ ባለሙያዎች ታስመጣለች። "አለቆቼ ገና ከአሁኑ፣ ለሴት ልጅ ለምን ሰጠሽ እያሉኝ ነው" አለቻት። "አንድ ጠረጴዛ ከጎደለ እኔም ልከራከርልሽ አልችልም።"

ልጄ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሠራች። እኔም ከማክሰኞ እስከ ዓርብ እላይዋ ላይ ቆምሁ። የፕላስቲክ ጫማ አደረግሁላት፤ ጠበበኝ ብላ አወለቀችው፤ መልሼ አደረግሁላት። ገመድ በያዘች ቁጥር "ተይ!" እላለሁ።

"እማዬ፣ ይሄ ገመድ ገና ከምንም ጋር አልተገናኘም። የሞተ ነው።"

"የሞተ እባብም እባብ ነው።"

"እንግዲያው እባብ እየጎተትሁ ነው፤ ጭራውን ያዥልኝ።"

ያዝሁላት፤ መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ሞክሬ ነው ታዲያ።

ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ገመድ ይመጣል። አንዱ ወፍራም ነው፣ የመብራቱ። ሁለተኛው ቀጭን ሰማያዊ ነው፣ የኔትወርኩ። ልጄ ስታስረዳኝ፣ "ወፍራሙ እንጀራው ነው፣ ቀጭኑ ወሬው ነው። ጠረጴዛ ሁለቱንም ይፈልጋል" አለችኝ። ገባኝ። ቀጥላ የነገረችኝ ነገርም ነበር፤ እሷ ግን መሰላል አናት ላይ ነበረች፣ እኔም መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ እግሩ እንዳይንሸራተት ወለሉን እያየሁ ነበር። ከላይ የሚወርደው ቃል በጆሮዬ አልፎ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀና ሞከርነው። መሞከሪያው የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ከገመዱ በዚህ ጫፍ ይሰካል፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። ገመዱ ደህና ከሆነ ስምንት ትንንሽ መብራቶች በተራ ብልጭ ይላሉ። ልጄ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች፤ እኔ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ሣጥን ዘንድ ቆሜ እቆጥራለሁ። "አንድ! ሁለት! ሦስት!" እያልሁ እስከ ስምንት። ሃያ አራት ጊዜ እስከ ስምንት ቆጠርሁ። አንድም አልጎደለም። ልጄ ግንባሬን ስማ፣ ለእሑድ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች።

እኔ ወለል ልወለውል ቀረሁ። ተንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ሳይ ያየሁትን አልወደድሁትም። ወፍራሙ ገመድ በጠረጴዛው ቀኝ ባለ ቀዳዳ በሥርዓት ወጥቷል። ቀጭኑ ግን ቀዳዳ ስለሌለው በግራ በኩል ከጠረጴዛው ጀርባ ተንጠልጥሎ፣ ትርፉ እንደ በቅሎ ጭራ መሬት ተኝቷል። እግር የሚጠልፍ ነገር ነው። ሽማግሌ ቢመጣስ? ነፍሰ ጡር ብትመጣስ? እኔ ባልዲዬን ይዤ ባልፍበትስ? ሃያ አራት ሰው ሲወድቅ በዓይኔ መጣ፤ ሁሉም ደግሞ ሲወድቅ "የማን ልጅ ናት ይህን የዘረጋችው?" ይላል።

ስለዚህ አሰርሁት።

እኔ በልጅነቴ በመተማ በኩል ተሻግሬ እዚህ አገር የገባሁት በሰሊጥ አጨዳ ነው። አጨዳ ላይ ማጭዱን ማንም ይይዘዋል፤ ሰው የሚለየው በማሰሩ ነው። ነዶውን በጉልበት ተጭነህ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አዙረህ፣ ጫፉን ጠምዝዘህ ከሥር መወተፍ ነው። ከላላ ነዶው ሲቆም ይወድቃል፣ ፍሬው ዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ቀረ። የአጫጅ አለቃው በሰልፉ መካከል እየሄደ የላላ ነዶ ሲያገኝ፣ "ማን ነው ይሄን ያሰረው?" ብሎ ይጮሃል። በእኔ ነዶ አንድ ቀን አልጮኸም።

መጋዘኑ ጥግ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ተርፎ ነበር። ቀጭኑን ገመድ ሳብ አድርጌ ከወፍራሙ ጋር በቀኙ ቀዳዳ አሳለፍሁት። ትርፉን ሦስት አራት ጊዜ አጠፍሁት። ከወፍራሙ ጋር ደረብሁት፣ በጉልበቴ ተጫንሁት፣ ሁለት ጊዜ አዙሬ ጠምዝዤ ወተፍሁት። ሃያ አራት ነዶ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት፤ ከጠረጴዛ ሥር አንድ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ወገቤን ቢያመኝም እንዲያ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሙዲራዋ ሙከራውን በዓይኗ ልታይ መጣች። አናጢው ከጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተኝቶ መሳቢያ ያስተካክላል፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ልጄ ፀጉሯን ተሠርታ አምሮባታል። እኔ መወልወያዬን ይዤ ራቅ ብዬ ቆምሁ፤ የማያገባኝ ለመምሰል። ሙዲራዋ ሣጥኑ ዘንድ ሆና መቁጠር ጀመረች፤ በዐረብኛ።

"ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ..." ቆጠራዋን አቋረጠች። "አራተኛው መብራት አልበራም።"

ልጄ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሄደች። እሱ ደህና። ሦስተኛው፣ ሁለት መብራት ጎደለ። አራተኛው፣ ጭራሽ ጨለማ። እስከ መጨረሻው ሲደርሱ ከሃያ አራቱ ዐሥራ አንዱ ተበላሽቷል። ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ግን እመኑኝ፣ ነገሩ ከእኔ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብሁም። "የከህረባ ነገር፤ ሌሊት አይጥ በልቶት ይሆናል" እያልሁ ድመቷን በክፉ ዓይን አየኋት።

ልጄ ተንበርክካ ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ።

"ማን ነው ይሄን ያሰረው?"

ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። በጩኸቱ ዘበኛው ገቡና እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩ። እሳቸው የአርማጭሆ ሰው ናቸው፤ በድርቁ ጊዜ የመጡ፣ ግማሽ ዕድሜያቸውን ሰሊጥ ያጨዱ። ቋጠሮውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ያገሬ ሰው እጅ ነው! ኧረ እታለም፣ ትናንት ስንት ፈዳን መሬት አጭደሽ ዋልሽ?"

"ጋሼ፣ ተዉኝ።"

"አይ፣ ነዶውስ ነዶ ነው። ገልብጠን እናራግፈው እንጂ፣ ስንት ጆንያ ይወጣዋል?"

ሙዲራዋ አማርኛ አትሰማም። "ምንድን ነው የሚያስቀው?" አለች። ልጄ ወደኔ ዞረች። ሌላ ጊዜ እማዬ ነው የምትለኝ፤ ስትናደድ ግን በሱዳንኛ ነው። "ዩማ" አለችኝ። "ዩማ፣ አንቺ ነሽ?"

መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ወደ ሙዲራዋ ሄድሁ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም። ትናንት ሃያ አራቱም ይሠሩ ነበር፤ እኔ ነኝ የቆጠርሁት። ከሥራ የምታስወጪ ከሆነ እኔን አስወጪ፣ እሷን ተያት" አልኋት።

ሙዲራዋ እኔን አየች፣ ሰዓቷን አየች። "ኻላ" አለችኝ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። "ዛሬ የማስወጣው ሰው የለኝም። የሚፈታ እጅ ነው የሌለኝ።"

መፍታት ከሆነ እኔን የሚቀድመኝ የለም። ልጄ አንዱን ቋጠሮ በፒንሳ ስትታገል እኔ አምስት ፈታሁ። ጎን ለጎን በጉልበታችን እየሄድን፣ ንዴቷ ቀስ እያለ ሲወርድ በትንፋሿ ይሰማኛል።

"የዚህ ቀጭን ገመድ ሆዱ ውስጥ ስምንት ክር አለ" አለችኝ። "እንደ ፀጉር ነው። አጥፈሽ በጉልበትሽ ስትጫኚው ይሰበራል። ከወፍራሙ ጋር ሲጣበቅ ደግሞ እንጀራው ወሬውን ይረብሸዋል። ሁለቱ ይጎራበታሉ እንጂ አንድ አልጋ ላይ አይተኙም። ነግሬሽ አልነበረም?"

"መሰላል ላይ ሆነሽ ነው የነገርሽኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ መሰላሉን ነበር የማየው።"

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥሁ። እየሳቀች ነው።

ደግነቱ የተሰበረው ሁሉ ትርፉ ላይ ነበር። ልጄ እየቆረጠች ጣለችው፤ ለእያንዳንዱም አዲስ ራስ ሠራችለት። ስምንቱን ክር በቀለም በቀለሙ ደርድራ፣ አስገብታ፣ በመጫኛ ፒንሳዋ ቀጭ ታደርገዋለች። ያንን ስታደርግ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሆኖም ሁሉም ተፈትቶ ሲያበቃ ቀጭኑ ገመድ እንደገና በግራ በኩል ተንጠለጠለ። የቀደመው ቦታው ያ ነዋ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። በዚያ ጠዋት ከሁሉ ሰው ዝም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልቻልሁም።

"ሰው ይወድቃል" አልሁ።

"እማዬ!"

"ጉልበት ይጠልፈዋል፤ ከነኮምፒዩተሩ ይዞት ይወድቃል። ጥፋተኛ ነኝ፣ ግን ሰው ይወድቃል።"

ያኔ ከጠረጴዛ ሥር፣ እግሩ ብቻ ከሚታየው ሰው ዘንድ፣ ረጋ ያለ የዐረብኛ ድምፅ መጣ። "ሐቋን ነው።" አናጢው ነው። ተንሸራትቶ ወጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጣቂያው፣ በክብ ቆቡ፣ ሥር እርሳስ የሰካ ሰው። "ያ ኡኽቲ፣ የፈራሽው ትክክል ነው፤ ያሰርሽው ነው ስሕተት" አለኝ፤ ኡኽቲ እኅቴ ማለት ነው። እኔን ከዚያ በፊት ተሳስተሻል ሲለኝ እንዲህ ያከበረኝ ሰው አልነበረም። ወደ ልጄ ዞሮ፣ "ባሽሙሃንዲሳ፣ በግራ በኩል ቀዳዳ ቢኖር ይበቃሻል?" አላት። መሐንዲስ ብሎ ጠራት። ልጄ ወገቧን አቀናች።

"ይበቃኛል። ግን ሃያ አራት ቀዳዳ ነው፤ ዛሬ።"

ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። እንደ ስኒ ክብ የሆነ፣ አፉ ዙሪያውን ጥርስ ያለው የብረት መብሻ ነው። ትራፓኖ ላይ ገጥሞ አንዱን ጠረጴዛ ሲነካው፣ በብርጭቆ አፍ የተቆረጠ ሊጥ የመሰለ ክብ እንጨት ዱብ አለ። ድመቷ ሮጣ መጥታ አሸተተችው።

ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ከህረባ ጠፋ። ገዳሪፍ ነው፤ ማንም አልገረመውም። ጄኔሬተሩ ገና አልመጣም። ሙዲራዋ ጭንቅላቷን ያዘች። አናጢው ግን "ሽወያ ሽወያ"፣ ቀስ በቀስ፣ እያለ ከሣጥኑ የእጅ መሰርሰሪያ አወጣና መብሻውን እዚያ ላይ ገጠመው፤ በደረት ተጭነው፣ እጀታውን እንደ ወፍጮ የሚያዞሩት ዓይነት። ሁለት ቀዳዳ ራሱ በሳና ላቡን ጠርጎ ለዘበኛው ሰጣቸው።

"እኔ?" አሉ ዘበኛው።

"ሳቁ የማን ነበር?"

በየተራ በሳነው። ዘበኛው ሦስት በሱ፤ በእያንዳንዱም መሐል ተቀምጠው ስለ ወጣትነታቸው ጉልበት ነገሩን። ሙዲራዋ ቶቧን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አንድ ቀዳዳ በሳች፤ ክቡ እንጨት ሲወድቅ እልል ብላ ራሷ አፈረች። እኔም አንድ በሳሁ፤ አናጢው እጀታውን በግራ እጁ ደግፎልኝ። በግራው ነው የሚሠራው፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የቀረውን እሱ ጨረሰው።

ቀትር ላይ ዘበኛው ፉል በዳቦ አስመጡ፤ ከላዩ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት። "ሰሊጥ ዛሬ አልለቀቀንም" አሉና እኔን አዩኝ። ስንበላ ልጄ መብሻውን ከየት እንዳገኘው አናጢውን ጠየቀችው። ወድ መደኒ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰው የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ጦርነቱ እዚያም ሲደርስ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ወጣ፤ በእጁ የነበረው ይኸው ነው። የበር ቀዳዳ እየበሳ ሳለ ነው ሩጡ የተባሉት። "በሩ እዚያው ቀረ፤ ቀዳዳውን ይዤ መጣሁ" አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ እሱ ስለሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሰማያዊውን ገመድ በአዲሶቹ ቀዳዳዎች አሳለፈች። የሚያስረው ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደኔ ዞረ። አሮጌ ሻሼን በቀጭን በቀጭኑ ቀደድሁት። ልጄ ትንሿን ጣቴን ይዛ ከገመዱና ከጨርቁ መካከል አስገባቻት። "ይቺ ስታልፍ ነው የታሰረው፤ ካላለፈች ነዶ ነው" አለችኝ። ሃያ አራት ጊዜ ትንሿ ጣቴ አለፈች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን፤ መሞከሪያው በባትሪ ስለሚሠራ እኔ እንደገና ቆጠርሁ። ሃያ አራት ጊዜ እስከ ስምንት።

ስንወጣ አናጢው መብሻውን በጨርቁ ጠቅልሎ ለልጄ ሰጣት። ሁለት ተጨማሪ ጠረጴዛ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ሙዲራዋ ስትናገር ሰምቷል። እሱ በማግሥቱ እኅቱን ሊፈልግ ወደ ከሰላ ይሄዳል። "እነዚያንም ብሺበት፤ ስመለስ ትሰጪኛለሽ" አላት። ልጄ አልወስድም አለች። "ባሽሙሃንዲሳ ያለ ዕቃ አይሆንም" ብሎ እጇን ዘጋባት።

እሑድ ጠዋት ከህረባ ነበር። ሃያ አራት ሰው ገባ፤ ሃያ አራት ሰው ተቀመጠ። ሙዲራዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄደች "ተማም?" ትላለች፤ "ተማም" ይላሉ። ደህና ነው፣ ደህና ነው። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዐሥራ ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው መነጽር ያደረገ ሰውዬ ግን ራሱን ነቀነቀ። ኮምፒዩተሩ አልበራም።

ልጄ ሮጣ ከሥር ገባች። እኔ መወልወያዬን ጨብጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመሐሉ ጀመርሁት። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ራሷን ብቅ አደረገችና ወደኔ ተመለከተች፤ ረጅም ጊዜ።

"እማዬ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት አቧራ ስትጠርጊ ይሄን ሶኬት ነቅለሻል?"

ነቅያለሁ። የተሰካ ነገር አጠገብ እርጥብ ጨርቅ አላሳልፍም፤ ቤቴም እንዲሁ ነኝ። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ የትናንት ቡና ፈሶ ነበርና ነቅዬ ወለወልሁት፤ መልሼ መሰካቱን ግን ፈራሁት። ልጄ ሰካችው። በራ። ሰውየው "ተማም!" ብሎ ጮኸ፤ አንዱ አጨበጨበ፤ ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆነው ምን እንደተደረገ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ልጄ ሥራውን አገኘች። አሁን ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ይጠሯታል፤ ወንድም የለሽም የሚላት የለም። ሁለት ልጃገረዶች ከእሷ ጋር ይሠራሉ። ጠረጴዛ ሥር ሲያስሩ "የእማማ ጣት አለፈች?" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እኔ አሁንም መሰላል እይዛለሁ፤ አሁን ግን ከላይ የሚነገረውንም አዳምጣለሁ።

መብሻው ከእኛ ዘንድ ነው። ሁለቱን ጠረጴዛ በሳንበት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢሮ ብዙ ጠረጴዛ በሳንበት። እንዳይዝግ የሰሊጥ ዘይት እየቀባሁ፣ በራሱ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከልጄ ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን አስቀምጣለሁ። አናጢው ግን አልተመለሰም። ከሰላ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ የአናጢዎች ሰፈር ያሉት አላየነውም አሉ። ስልኩ አይጠራም።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ የወድ መደኒ ሰው። በግራ እጁ ይሠራል፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ እርሳሱን በጣቂያው ሥር ይሰካል። እኅቱን ፍለጋ ወደ ከሰላ ነው የወጣው። ያየ ሰው ካለ፣ ወይም ደህና መሆኑን የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ወሬውን ላኩልን።